እንፋሎቱን ሸሽተን ቆሎውን በላን

ጉማራ ወንዝ ዳር ወንዛዬ የሚባል ፍል ውሃ አለ። ከወረታ ብዙም አይርቅም። ወገቡን የሚያመው፣ አጥንቱን የሚቆረጥመው፣ ገላውን ቁስል የወረሰው፣ እግር እጁ አልታዘዝ ያለው ሁሉ ስንቁን ቋጥሮ ከያለበት ይመጣል። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት በልጅነቴ ነው፤ የእናቴን ታናሽ ወንድም ተከትዬ።

አጎቴ ወደ ውሃው የወረደው በሁለት ምርኩዝ ነበር። ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ተጋጥመዋል። ሲራመድ አንዱ እግሩ በሌላው ፊት እንደ መቀስ ይጠላለፋል፤ ተረከዙ መሬት አይነካም፤ የሚረግጠው በጣቶቹ ነው። ውሃው ውስጥ ብዙ ቆይቶ ሲወጣ አንዱን ምርኩዝ ለእኔ ሰጠኝና «ያዝልኝ» አለ። በአንዱ ብቻ ተራመደ። እግሩም ትንሽ ፈታ ብሎለት ነበር። እኔ ምርኩዙን አቅፌ «ዳነ! ዳነ!» እያልኩ ወደ እናቴ ሮጥኩ። ማታ ከጣና ወገን ቀዝቃዛ ነፋስ ሲነሳ እግሩ እንደ እንጨት ደርቆ ተመለሰ። «በል አምጣት» አለኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ሐዘን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ዛሬ ምክንያቱን አውቃለሁ። የአጎቴ ጡንቻ አልሞተም። እንዲላላ የሚያዘው መልእክት ስለተቋረጠበት ተወጥሮ ቀርቷል። ሙቀት ለጊዜው ያላላዋል፤ ብርድ መልሶ ይጨብጠዋል። ወንዛዬ አልዋሸም፤ ከሚችለው በላይ ደግሞ አልሰጠም።

ሕመሙን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሐኪም መጠየቅ አያስፈልግም፤ መንገድ ላይ ያየው ሁሉ «ጓያ የሰበረው ነው» ብሎ ያልፋል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። አንድ ሕዝብ የሚሰብረውን እህል በስሙ እየጠራው፣ ጣቱን ቀስሮ እያሳየው፣ እንዴት መልሶ ይበላዋል?

መልሱን ያገኘሁት መጽሐፍ ውስጥ አይደለም፤ የእናቴ ማድ ቤት ነው። ጓያ ሲቀቀል እናቴ የድስቱን ክዳን ከማንሣቷ በፊት እኛን ልጆቹን ታስወጣን ነበር። እንፋሎቱ ጉልበት ይሰብራል ይባላላ! ጓያ ገለባ ላይ መተኛት ክልክል ነው። ጓያ ማሳ ውስጥ በጤዛ በባዶ እግር መሄድም እንዲሁ። ይህን ሁሉ ጠንቅቀን እንጠብቃለን። እንፋሎቱ በርዶ፣ እኛም ተጠርተን ስንገባ፣ ንፍሮው በሳህን ይቀርብልናል። በማግስቱ ደግሞ ጓያ ቆሎ በኪሳችን ሞልተን ከብት እንጠብቃለን። እንፋሎቱን ሸሽተን ቆሎውን በላን።

በዚህ እምነት የሚስቅ የከተማ ሰው ካለ ይታገሥ። ሞኝነት አይደለም። ጓያ የበላ ሁሉ አይሰበርም፤ ከአንድ ገበታ ከሚበሉ ከስድስት ሰዎች አንዱ ብቻ ሊወድቅ ይችላል፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ጉልበታሙ ወጣት ወንድ ነው። ምግቡ ቢሆን ኖሮ ሁላችንንም በያዘን ነበር ብሎ ማሰብ ተገቢ አስተሳሰብ ነው። ስለዚህ ለአንዱ ብቻ የደረሰውን ሌላ ነገር ይፈልጋል፤ ማታ አውድማ ላይ የተኛው እሱ ነው፤ ክዳኑን የከፈተው እሱ ነው። ደግሞም ልብ በሉ፤ እንፋሎቱን መሸሽ ይቻላል። እህሉን መሸሽ የሚችለው ግን ሌላ እህል ያለው ነው።

የፎገራን ሜዳ ያላየ ይህን በቀላሉ አይረዳም። ርብና ጉማራ ከደጋው ወርደው ጣና ሳይገቡ የሚተኙበት ጥቁር ዋልካ መሬት ነው። በክረምት ውሃ ይሆናል፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ የበግ ግልገል የሚውጥ ይመስላል። ጤፉ ጎርፍ ሊወስደው፣ ሽንብራው ሊደርቅ ይችላል። ጓያ ግን ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ ተዘርቶ፣ ብዙ እርሻ ሳይፈልግ፣ መሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ያፈራል። ዝናብ ቢቀር ይታገሣል፤ ውሃ ቢተኛበትም ይታገሣል። ስለዚህ ሁሉ ነገር በጠፋ ዓመት ጎተራ ውስጥ የሚገኘው እሱ ነው። እንዲያውም ውሃ ሲጠማው መርዙ እንደሚጨምር በኋላ ተደርሶበታል። በክፉ ዘመን ብቻውን የሚተርፈው እህል፣ በክፉ ዘመን ይብስ ይከፋል ማለት ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። ከሂፖክራጥስ ጋር ስማቸው በሚነሣው የጥንት ግሪክ የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ አይኖስ በተባለች ከተማ ያለማቋረጥ ጥራጥሬ የበሉ ወንዶችና ሴቶች እግራቸው እንደደከመ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1671 በጀርመን አገር የዉርተምበርግ መስፍን የጓያ ዱቄት ለዳቦ እንዳይውል በአዋጅ ከልክሏል። በ1811 እና በ1812 ማድሪድ በረሃብ በተመታች ጊዜ ድሃው የተረፈው በጓያ ገንፎ ነበር፤ ታላቁ ሰዓሊ ፍራንሲስኮ ጎያ ስለ ጦርነት መከራ ከሠራቸው የሕትመት ሥዕሎች አንዱን «ለጓያ ምስጋና» ብሎ ሰይሞታል። (የሰዓሊውና የእህሉ ስም በእኛ አፍ መመሳሰሉ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው፤ እኔን ግን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።) በሥዕሉ ላይ ምግብ የሚቀበሉ ሰዎች ይታያሉ፤ አንዲት ሴት መነሣት ተስኗት መሬት ላይ ተኝታለች። ምስጋናውም ምሬቱም አንድ ላይ ነው። ሕመሙ «ላቲሪዝም» የሚለውን የሳይንስ ስም ያገኘው በ1873 ኔፕልስ ውስጥ ካንታኒ ከተባለ ሐኪም ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የቫፕኒያርካ ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942፣ ሮማኒያ በያዘችው የዩክሬን ምድር በሚገኘው በዚህ የእስር ካምፕ አይሁድ እስረኞች ለከብት መኖ የሚሆን ጓያ በየቀኑ ይቀቀልላቸው ነበር። ጥቂት ወራት ሳይሞላ እግራቸው ይተሳሰር ጀመር። ከእስረኞቹ መካከል አርተር ኬስለር የተባለ ሐኪም ነበር። እሱም እንደሌሎቹ የተራበ ነው፤ ላቦራቶሪ የለውም። ነገር ግን ወጣት ወንዶች፣ ሁለት እግር፣ አንድ ዓይነት ምግብ የሚሉትን ሦስት ነገሮች አገናኝቶ ምክንያቱ እህሉ መሆኑን ተናገረ። እስረኞቹም ምግቡን አንበላም አሉ። የተራበ ሰው የቀረበለትን ብቸኛ ምግብ እንዲገፋ ማሳመን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ፎገራ ያደገ ሰው ያውቀዋል።

ወደ አገራችን ልመለስ። አጎቴ የተሰበረው በ1969 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ 19 ዓመቱ ነበር። ቤተሰቡ ጤፉ ጠፍቶበት ለወራት ጓያ ሲበላ ከርሟል። አንድ ቀን ጠዋት ከመደቡ ሊነሣ ሲል ጥጃው ተጨብጦ እግሩ ከዳው። ያን ጊዜ ብቻውን አልነበረም። ከዚያው ዘመን በጎንደር ክፍለ ሀገር ስለደረሰው የጓያ ወረርሽኝ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1978 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈዋል። ጽሑፉን ካገኘሁት በኋላ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። በቁጥሮቹ መካከል አጎቴን ስፈልግ ነበር መሰለኝ።

አጎቴ ግን የምርመራ ዕድሉ ጥሩ አልነበረም። መጀመሪያ ምች ተባለ። ከዚያ ሰው አየው ተባለ፤ ክታብ ተደረገለት። ከዓመት በኋላ በአንድ ከተማ ክሊኒክ ያዩት ባለሙያ «ልጅነት ልምሻ ነው» ብለው መለሱት። ስማቸውንም ከተማውንም አላነሣም፤ ወረፋው ረጅም፣ ባለሙያው አንድ ነበሩ። ነገር ግን ልዩነቱ በመዶሻ የሚታወቅ ነው። በልጅነት ልምሻ የተመታ እግር ይልማል፤ ይቀጥናል፤ ጉልበቱን በትንሿ የጎማ መዶሻ ቢመቱት ዝም ይላል። በጓያ የተሰበረ እግር ግን ድርቅ ያለ ነው፤ ጉልበቱ ሲመታ ከመጠን በላይ ይዘላል፤ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ላይ ቢገፉት ይንቀጠቀጣል፤ የውስጥ እግሩን ቢጭሩት አውራ ጣቱ ወደ ላይ ይቀናል። በአንጎል ደም ሥር ችግር የሚመጣ ሽባነት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በድንገት አንድ ወገን ይይዛል፤ ፊት ያጣምማል፤ አንደበት ይዘጋል። የአከርካሪ ነቀርሳ ጀርባ ያሳምማል፤ እግር ያደነዝዛል፤ ሽንት ሊይዝ ይችላል። ጓያ የሰበረው ሰው ግን እሾህ ሲወጋው ያውቃል፤ አእምሮው ብሩህ ነው፤ እጁም በአብዛኛው ደህና ነው። የተጎዳው ከአንጎል ቅርፊት ተነሥቶ በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ወርዶ ለእግር ትእዛዝ የሚያደርሰው ነርቭ ነው። መንገዱ ረጅም ነውና ለእግር የሚሄደው ይበልጥ ይጎዳል።

ይህን ዓይነቱን ምርመራ ከሆስፒታል አውጥተው ወደ ገጠር የወሰዱት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የነርቭ ሐኪም ናቸው። በቡታጅራ አካባቢ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት ያስጠኑ፣ የሚጥል በሽታ በአገራችን ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ያሳዩ ሰው ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራም ቤት ለቤት ዞረው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1990 አሳተሙ። በአንዳንዱ ቀበሌ ከመቶ ሰው ሦስት የሚጠጋው ተሰብሮ ተገኘ። ይህ ትንሽ ይመስላል። መቶ ሰው ያለበትን የለቅሶ ድንኳን አስቡና ሦስት ባለ ምርኩዝ ቁጠሩበት።

ሐኪሞች ሕመሙን በደረጃ የሚከፍሉት በዚሁ በምርኩዝ ነው፤ ያለ ዱላ የሚሄድ፣ ባለ አንድ ዱላ፣ ባለ ሁለት ዱላ፣ በመጨረሻም በመቀመጫው የሚድህ። እኔ ይህን አከፋፈል ሳነብ ሳቅሁ፤ ወረታ ገበያ ላይ ለማኞችን የምንለይበት አነጋገር ነበርና።

መርዙ ራሱ የታወቀው በሕንድ አገር ነው። ሕንዶች እ.ኤ.አ. በ1961 የጓያን ሽያጭ ከለከሉ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1964፣ ተመራማሪዎቻቸው ኦዳፕ የተባለውን ንጥረ ነገር ከፍሬው ውስጥ ለይተው አወጡ። ኦዳፕ በአንጎል ውስጥ ነርቭ ለነርቭ የሚነጋገርበትን ኬሚካል መስሎ ይገባል፤ ነርቩን ያለ ዕረፍት ያስጮኸዋል፤ በጩኸት ብዛት ይገድለዋል። እንፋሎት ውስጥ የለም፤ ገለባ ላይ በመተኛትም አይገባም። በአፍ ነው የሚገባው። እንደ ሐኪሞቹ አነጋገር የሚያሰጋው ከዕለት ምግቡ ሲሶው ያህል ጓያ ሆኖ ሁለትና ሦስት ወር ሲዘልቅ ነው።

ታዲያ ከአንድ ገበታ ለምን አንዱ ብቻ? በዚህ ላይ ብዙ የደከሙት ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን ናቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ወሎ ውስጥ በደላንታና በዳውንት ድርቅን ተከትሎ ጓያ ብዙ ሰው ሲሰብር፣ ከቤልጅጉ ተመራማሪ ከፈርናንድ ላምባይንና ከሌሎች ጋር ሆነው የተሰበረውንና ያልተሰበረውን ጎረቤት ምን እንደበሉ፣ እንዴት እንዳበሰሉት ጠየቁ። ያገኙት ነገር ለማንኛዋም ባለሙያ ሴት የሚገባ ነው። አደጋው የበረታው ቆሎውን፣ ንፍሮውንና እሸቱን በሚበሉት ላይ ነው። ከሌላ እህል ጋር የተደባለቀው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቅመም የገባበት ወጥ ግን ያን ያህል አልጎዳም። ጓያ የሚጎድለው የአሚኖ አሲድ ዓይነት ጤፍና ገብስ ውስጥ አለ፤ ሰውነትን ከመርዙ የሚጠብቀውም ይኸው ነው።

ይህን ሳነብ የእናቴ ማድ ቤት እንደገና ታየኝ። ወጡ ለአባወራና ለእንግዳ ነበር። ቆሎውና ንፍሮው ለእረኛው ነው፤ እሸቱንም ማሳው መሃል ቁጭ ብሎ የሚግጠው እረኛው ነው። አጎቴ እረኛ ነበር።

የከተማ አንባቢ «ታዲያ የእኛስ ሽሮ?» ማለቱ አይቀርም። በሽሮ ውስጥ ጓያ ይቀላቀላል እየተባለ መታማቱ የቆየ ነገር ነው። ማጭበርበር ማጭበርበር ነው፤ አይደገፍም። ግን እንጀራ፣ አትክልትና ሌላም እየበላ፣ በቀን አንድ ጭልፋ ሽሮ የሚቀምስ የአዲስ አበባ ሰው ጉልበቱ አይሰበርም። ጓያ ሰውን የሚለየው በጎተራው ነው።

ከሕክምናው ብዙ የምጽፈው የለኝም፤ የሞተ ነርቭ አይመለስም። እህሉን ማቆም፣ እግሩን በየቀኑ መለጠጥ፣ ሙቀት፣ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት፣ ይኸው ነው። ቶልፔሪሶን የተባለውን መድኃኒት እነ ፕሮፌሰር ረዳ በሕሙማን ላይ ሞክረው፣ መጠነኛ መፍታታት እንደሚሰጥ እ.ኤ.አ. በ1997 ጽፈዋል። አንድ መልካም ነገር ግን አለ፤ እህሉ ከቆመ ሕመሙ በዚያው ደረጃ ይቆማል፤ ከዓመት ዓመት እየወጣ ወደ ላይ አይሄድም።

ይህ ነገር እውነት መሆኑን የፈተነው አጎቴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወረታ ስሄድ ፊቱ ጠቁሮ አገኘሁት። «ልጄ፣ ጓያው ወደ እጄ ወጣ» አለኝ። ሌሊት ሌሊት ቀኝ እጁ እየደነዘዘ፣ እንደ ጉንዳን እየነዘረው ይነቃል፤ አራግፎት ይተኛል። ጠዋት ቁልፍ መቆለፍ ይሳነዋል። ከአርባ ዓመት በላይ በእጁ ኖሯል፤ እግሩን የተካለት እጁ ነው። እጁ ከሄደ መድኸ ሊመጣ ነው።

አንዲት ወጣት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። መጀመሪያ የጠየቀችው የትኞቹ ጣቶች እንደሚደነዝዙ ነው። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ መሃል ጣት። «ትንሿስ?» «እሷ ደህና ናት» አለ። ፈገግ አለች። የእጁን አንጓ በጣቷ መታ መታ ስታደርገው እስከ ጠቋሚው ነዘረው። ከዚያ ሁለቱን እጆቹን ከአንጓው ወደ ታች አጥፎ፣ ጀርባ ለጀርባ አጋጥሞ እንዲቆይ አደረገችው፤ ደቂቃ ሳይሞላ «መጣ! መጣ!» አለ። «አባቴ» አለችው፣ «ይህ ጓያ አይደለም፤ ምርኩዝዎ ነው።»

አንጓው ላይ በአጥንትና በጠንካራ ሽፋን መካከል አንድ ጠባብ ዋሻ አለ፤ ጅማቶችና አንድ ዋና ነርቭ ተጣበው ያልፉበታል። አጎቴ ሙሉ ክብደቱን በቀጭን ምርኩዝ ራስ ላይ፣ በተቀለበሰ አንጓ፣ ከአርባ ዓመት በላይ ጭኖበታል። ልብስ ሰፊዎችን፣ እንጀራ ጋጋሪዎችን፣ ዛሬ ዛሬ ኮምፒውተር ጸሐፊዎችንም የሚይዘው ያው ሕመም ነው። ሌሊት አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ አሰረችለት፤ የምርኩዙ ራስ በጨርቅ ተጠቅልሎ እንዲወፍርና እንዲለሰልስ፣ ቁመቱም እንዲስተካከል ነገረችው። በዚህ ካልተሻለው መርፌ፣ አለዚያም ትንሽ ቀዶ ሕክምና አለ። ቀዶ ሕክምናው አላስፈለገም፤ በሁለት ወር ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ጀመረ። በሕይወቱ ሐኪም በትክክል ያወቀለት የመጀመሪያው ሕመም ይህ ነው።

ፎገራም ከአጎቴ ወጣትነት ወዲህ ብዙ ተለውጣለች። በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ ጅግናና ሻጋ በተባሉት የገበሬ ማኅበራት የተጀመረው ሩዝ ሜዳውን ወረሰው፤ ያን የሚጠላ የክረምት ውሃ ሀብት አደረገው። ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ጓያ ግን አልሄደም። ሩዙ ሳይታጨድ ወይም እንደታጨደ በቀረው እርጥበት ላይ ይዘራል፤ ለከብትም ለገበያም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2006 መርዙ አነስተኛ የሆነ ዋሴ የሚባል ዝርያ ተለቅቋል። አነስተኛ ማለት የለውም ማለት አይደለም፤ ንብም ከጎረቤት ማሳ አበባ ለአበባ እያዳቀለች መርዙን ልትመልሰው ትችላለች።

ያን ዕለት ከሐኪሟ ዘንድ ስንመለስ ስለ ኦዳፕ፣ ስለ ቆሎውና ስለ ወጡ ያነበብኩትን ሁሉ ለአጎቴ ነገርኩት። በጥሞና አዳመጠኝ። የደላንታውን ጥናት ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። «እውነታቸውን ነው፤ እረኛ ነበርኩ» አለ። ቤት ስንደርስ ባለቤቱ እሳት ዳር ሽሮ እየሠራች ነበር፤ ልጆቼ ተሽቀዳድመው ወደ ምድጃው ተጠጉ። አጎቴ ምርኩዙን ዘርግቶ አገዳቸው።

«ክዳኑ ሲነሣ ራቅ በሉ» አላቸው።